ከአሮጌ ሬዲዮ የወጣ ሴሌኒየም ምን ይደረግ?

አንድ አባላችን አሮጌ የቲዩብ ሬዲዮ ሲፈታ በአንድ ብሎን ላይ የተደረደሩ አራት ማዕዘን ሳህኖች አገኘ። «ሴሌኒየም ነው አሉኝ። ልተወው ወይስ ልቀይረው? በቫይታሚን እንክብል ላይም ስሙን አይቻለሁ፤ ታዲያ መርዝ ነው የሚሉት ለምንድን ነው?» ሲል ጠይቋል። እንዲህ ዓይነት ሬዲዮ ስጠግን ቆይቻለሁና የማውቀውን ልንገርህ።

ወንድሜ፣ ቀይረው። ያገኘኸው ሬክቲፋየር ነው፤ ተለዋዋጩን ከረንት ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ያሳልፋል።

ሴሌኒየም የአቶም ቁጥሩ 34 ነው፤ በጠባዩ ለድኝ ይቀርባል። ስዊድናዊው ቤርዜልየስ እ.ኤ.አ. በ1817 ከሰልፈሪክ አሲድ ፋብሪካ ዝቃጭ ውስጥ አገኘው። መልኩ አንድ አይደለም። ቀይ አለ፣ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ጥቁርም አለ። ጥቁሩን በልኩ ስታሞቀው ግራጫ ይሆናል። ሳህንህ ላይ ያለው ይኼ ግራጫው ነው፤ ሰሚኮንዳክተር ነው፤ ማለትም ኤሌክትሪክን በከፊል የሚያሳልፍ። ደግሞ ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙ ይጨምራል። ዊሎቢ ስሚዝ ይህን እ.ኤ.አ. በ1873 ያስተዋለው ለባሕር ሥር የቴሌግራፍ ገመድ መፈተሻ ሲጠቀምበት ነው። በ1883 ቻርለስ ፍሪትስ ስስ ወርቅ አልብሶት የፀሐይ ሴል ሠራበት። ዛሬ ጣሪያ ላይ ለምናየው ሶላር አንዱ ቀዳሚ ይኼ መሆኑ ሁሌም ይደንቀኛል።

ወደ ሬዲዮህ ልመለስ። አንዱ ሳህን በተቃራኒ አቅጣጫ የሚችለው ከ20 እስከ 30 ቮልት ገደማ ብቻ ነው። የተደረደሩት ለዚህ ነው። ዕድሜ ሲጫነው ውስጣዊ ሬዚስታንሱ (ከረንትን የመግታት ጠባዩ) ይጨምራል፣ ይግላል፣ የሬዲዮው ቮልቴጅም ይወርዳል። ግራጫው ሴሌኒየም የሚቀልጠው 221 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ስለሆነ ሙቀት አይወድም። ሲቃጠል የበሰበሰ ጎመን የመሰለ ክርፋት ይለቃል። ጭሱ መርዝ ነው። ከሸተተህ ቶሎ ከሶኬት ንቀለው፣ መስኮት ክፈትና ውጣ።

በምትኩ የሲሊከን ዳዮድ አስገባ፤ እሱም ከረንትን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ያሳልፋል። ግን ዝም ብለህ አትተካ! ዳዮዱ የሚያስቀረው ቮልት በጣም ትንሽ ስለሆነ ወደ ሬዲዮው የሚገባው ቮልቴጅ ከፍ ይላል፤ ያረጁት ካፓሲተሮች (ቻርጅ የሚያከማቹት ክፍሎች) ሊፈነዱ ይችላሉ። ከዳዮዱ ጋር በተከታታይ ከረንት የሚገታ ሬዚስተር አስገባ። ዋጋውን የምትመርጠው የሬዲዮው ንድፍ ላይ ከተጻፈው ቮልት ጋር እያመሳከርክ ነው። ከመንካትህ በፊት ደግሞ ካፓሲተሮቹ ቻርጅ አለመያዛቸውን በሜትር አረጋግጥ።

የእንክብሉ ነገር የመጠን ጉዳይ ነው። ለአዋቂ በቀን 55 ማይክሮግራም ገደማ ይበቃል፤ ሰውነት አንዳንድ ኢንዛይሞቹን ይሠራበታል። ለረጅም ጊዜ በቀን ከ400 ማይክሮግራም በላይ ከተወሰደ ግን ፀጉር ሊረግፍ፣ ጥፍር ሊሰባበር፣ ትንፋሽም ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ሊል ይችላል።

ያወጣኸውን ሳህን አትሞርደው፣ አትፋቀው፣ እሳት ውስጥም አትጣለው። ብዙዎቹ ላይ ካድሚየምም አለ። በላስቲክ ጠቅልለህ ለኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ሰብሳቢዎች ስጥ።