«የደም ዶክተር»

እናቴ ለእድር ጓደኞቿ «ልጄ የደም ዶክተር ሆነች» ብላ አውርታ ነበር። ጨርሶ ውሸት አይደለም፤ ዶክትሬቴን የሠራሁት ደም መጣጭ ሙታንን በሚተርከው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ልብ ወለድ ላይ ነው። አክስቴ ስለ ደም ማነሷ ልታማክረኝ እስክትደውል ድረስ አላረምኳትም።

ይህን መንገድ ለምታስቡ ልጆች መጀመሪያ ስለ እንጀራው ልንገራችሁ። «የደም መጣጭ ልብ ወለድ መምህር ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ አላየሁም። የሚወጣው «የቪክቶሪያ ዘመን» (የእንግሊዟ ንግሥት ዘመን) «ሥነ ጽሑፍ» ነው፤ እሱም ጥቂት ቦታ፣ ብዙ አመልካች። ስለዚህ ራሳችሁን በዘመኑ አስተዋውቁ። ከደራሲው ፖሊዶሪ የ1819 የደም መጣጭ ታሪክ እስከ ብራም ስቶከር የ1897 ልብ ወለድ «ድራኩላ» ድረስ (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው) ስታነብቡ ስለ መጽሔት ገበያም፣ ስለ አየርላንድ ባለርስቶችም፣ ደም ስለ መለገስ ሕክምናም መጻፍ ትችላላችሁ። አሜሪካ ከሆናችሁ ደግሞ የትምህርት ክፍያውንና የወር ድጎማውን የማይሸፍን የዶክትሬት ቅበላ አትቀበሉ። እኔ ማስተርሴን በብድር ተምሬ ዕዳውን የጨረስኩት ስሸብት ነው።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። የስቶከር ደም መጣጭ ድራኩላ አገሩን ትቶ ወደ ለንደን የሚሄድ ስደተኛ ነው። በሁለተኛው ምዕራፍ የእንግሊዝ ባቡር መርሐ ግብር ሳይቀር ያነባል፤ ለንደን ሲደርስ በአነጋገሩ ባዕድነቱ እንዳይታወቅበት እንግሊዛዊ እንግዳውን «ስሳሳት አርመኝ» ይለዋል። የአገሩን አፈር በ50 ሳጥን አስጭኖ ይሄዳል። በሻንጣው በርበሬና ሽሮ ይዞ ለሚበር ሰው ይህ ምን ያስገርማል? ስቲቨን አራታ የተባለ ምሁር በ1990 ልብ ወለዱን ቅኝ ገዢው በተራው እንዳይገዛ የፈራው ፍርሃት አድርጎ አንብቦታል። እናንተ ከሳጥኖቹ ወገን ሆናችሁ አንብቡት።

አማካሪያችሁ «ስለ ቡዳ ብትጽፊስ?» ማለቱ አይቀርም። ተጠንቀቁ። ቡዳ ከመቃብር አይነሣም፣ በዓይን በላ የሚባል ሕያው ጎረቤት ነው። ስሙም የተለጠፈው በአንጥረኞች፣ በሸክላ ሠሪዎችና በቤተ እስራኤል ላይ ነበር፤ ያንን በደል ሳታነሡ ለማነጻጸር ብቻ አትጥቀሱት።

ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ ፊላዴልፊያ በባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። የስቶከር የእጅ ማስታወሻ በሮዘንባክ ቤተ መዘክር ይገኛል። አስቀድማችሁ ቀጠሮ ያዙ። ስቶከር ለገጸ ባሕርዩ መጀመሪያ የሰጠው ስም «ዋምፒር» ነበር፤ ተሰርዞ በላዩ «ድራኩላ» የተጻፈበትን ገጽ ጠይቁ።