ለ6 ቀን አፋር ልሂድ ወይስ ቢሮ ልግባ?

የአካውንቲንግ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነሽ። የግቢያችሁ የበጎ አድራጎት ክለብ 35 ተማሪ ይዞ የአዋሽ ሙላት ወደጎዳው አሚባራ፣ አፋር ሊሄድ ነው። ጉዞው 6 ቀን ነው፣ መዋጮው 4,500 ብር። በዚያው ሳምንት ደግሞ አንድ የኦዲት ቢሮ ለ2 ወር ያለ ክፍያ ልምምድ ሊቀበልሽ ተስማምቷል። አባትሽ «ሽርሽር ነው፣ ይልቅ ቢሮ ግቢ» ብለውሻል። ለሲቪሽ የቱ እንደሚሻል ጠይቀሽኛል።

አባትሽ ጨርሶ አልተሳሳቱም። እኔም ተመርቄ ሥራ በምፈልግበት ዓመት ከአንድ ማኅበር ጋር ጎርፍ ወደጎዳው ቆላ አገር ሄጄ ነበር። ሁለት አውቶቡስ ሰው፣ አንድ አይሱዙ ልብስ። ጆንያውን ስንፈታው ግማሹ ሹራብና ካፖርት ሆኖ አረፈው። እኛ በሙቀቱ ላብ በላብ ሆነናል! የቀበሌው ሊቀመንበር ግን በጨዋ ደንብ አመሰገኑን። ማታ እኛን ለማሳደር ተፈናቃዮች ከተጠለሉበት ትምህርት ቤት ሁለት ክፍል ተለቀቀልን። በዚህ እስከዛሬ አፍራለሁ። በኋላ ኢንተርቪው ላይ «እዚያ ምን ሠራህ?» ስባል «እርዳታ አከፋፈልን» ከማለት ሌላ ቃል አጣሁ።

ስለዚህ ከመወሰንሽ በፊት አስተባባሪውን አንድ ነገር ጠይቂው፦ «እኔ በግሌ የምሠራው ምንድነው?» መልሱ «እዚያ ስንደርስ እናያለን» ከሆነ፣ ነገሩ አባትሽ እንዳሉት ነው።

ሥራው ምን ሊሆን ይችላል? አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ተነስቶ፣ በቆቃ አልፎ አፋር ይገባል፤ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ክረምት ላይ ደጋው ሲዘንብ ወንዙ ይሞላል፣ ግድቦቹም ሲጠግቡ ውኃ ይለቀቃል። አሚባራ ሰማዩ ጠርቶ እያለ ሙላቱ ሊደርስ ይችላል። ማሳና ግጦሽ ይዋጣል፣ ከብት በውኃ ይወሰዳል። ውኃው ሲሸሽ ጭቃውና ወባው ይቀራል። ጭቃ መጥረጉን የአገሬው ጎረምሳ ካንቺ ይልቅ ይችልበታል፣ ሙቀቱንም ለምዶታል። አፋርኛ ካልቻልሽ ደግሞ ያለ አስተርጓሚ የትም አትደርሺም።

እንዲህ ባለ ቦታ ቶሎ የሚጎድለው መዝገብ የሚይዝ ሰው ነው። ብርድ ልብስ፣ ጀሪካን፣ ድስት፣ ዱቄት ከየአቅጣጫው ይመጣል። ስንት ገባ? ስንት ወጣ? ማን ወሰደ? ማን ሁለቴ ወሰደ? ይሄ ያንቺ ትምህርት ነው። በመንግሥት መጋዘን ንብረት ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ሞዴል 22 የሚባል ደረሰኝ ይቆረጣል። ክለቡ ሞዴል ባይኖረው እንኳ በተራ ደብተር ያንኑ መሥራት ትችያለሽ። የቤተሰቡ ስም፣ የሰዉ ብዛት፣ የወሰደው ዕቃ፣ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ። ማታ ማታ ከመጋዘኑ ቀሪ ጋር ታመሳክሪያለሽ። ሴት መሆንሽም ይጠቅማል፤ ብዙ እናቶች የጎደላቸውን ለሴት ሲነግሩ ይቀላቸዋል።

ያኔ ሲቪሽ ላይ «በጎርፍ የተጎዱ ወገኖችን ረድቻለሁ» አትዪም። ያንን ሁሉም ይጽፋል። «የእርዳታ ዕቃ ገቢና ወጪ መዝገብ ይዤ በየቀኑ ከመጋዘን ቀሪ ጋር አመሳክሬያለሁ፤ ለዚህን ያህል አባወራ ስርጭት በፊርማ አረጋግጫለሁ» ትያለሽ። ቁጥሩን ከደብተርሽ ነው የምታመጪው። ጠያቂው «ጉድለት አጋጥሞሽ ያውቃል? ምን አደረግሽ?» ማለቱ አይቀርም። እዚያ ላይ የምትናገሪው እውነተኛ ታሪክ ካለሽ፣ ለኤንጂኦ የፋይናንስም ሆነ የሎጂስቲክስ ቦታ ከብዙ ዜሮ ዓመት ልምድ አመልካች ትቀድሚያለሽ። ከሚያለቅስ ሕፃን ጋር የተነሳሽው ፎቶ ግን አይቀጥርሽም። ፎቶውን ባትነሺው ይሻላል።

ገንዘቡ ላይ ልመለስ። 35 ሰው በ4,500 ብር 157,500 ብር ነው፤ መቼም አስልተሽዋል። ከዚህ ውስጥ አውቶቡስና የእናንተ ምግብ ስንቱን ይበላል? በጀቱን አሳዩኝ በዪ። ግማሹን ከበላ፣ 10 ሰው ብቻ ይሂድ፣ የተረፈው ብር አዋሽ ሰባት ኪሎ ከተማ ላይ ዕቃ ይገዛበት ብለሽ ሐሳብ አቅርቢ። ምን እንደሚገዛም አስቀድማችሁ ለወረዳው ደውሉና ጠይቁ። ሊከፋቸው ይችላል። ግን ኦዲተር መሆን የምትፈልጊ ከሆነ ሰው የሚከፋበትን ጥያቄ መጠየቅ ከአሁኑ ልመጂ።

ቢሮውንስ? ነገ ሂጂና በአካል አናግሪያቸው። «በሚቀጥለው ሳምንት ልጀምር?» ማለት ነውር የለውም፣ ምክንያቱንም ንገሪያቸው። ከ2 ወር ላይ 6 ቀን ማዘግየት ለአብዛኛው ቢሮ ቀላል ነው። እምቢ ካሉ ግን ቢሮውን ምረጪ። የኦዲት ልምምድ እንዲህ በቀላሉ አይገኝም። በጎ ፈቃደኝነቱን ሰፈርሽ ካለው የቀይ መስቀል ቅርንጫፍ ወይም ከክረምቱ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ጋር ቅዳሜና እሁድ ትቀጥያለሽ። እዚያም መዝገብ አለ።

ከሄድሽ አጎበር ያዢ፣ ስለ ወባው ጤና ጣቢያ ጠይቂ። የሠራሽውን ሥራ በዝርዝር የሚገልጽ ደብዳቤም አውቶቡሱ ከመነሳቱ በፊት እዚያው ወረዳ አስጽፈሽ፣ አስፈርመሽ ተቀበይ። አዲስ አበባ ከገባሽ በኋላ ስትደውዪ ማኅተም ያዡ ሁሌም ስብሰባ ላይ ነው።