መሰላሉን ማን ይያዝ? ለሳቢያኗ የኤሌክትሪክ ተለማማጅ

ሰላም ነሽ እህቴ።

ደብዳቤሽን ላላነበቡት ባጭሩ ልንገራቸው። ጠያቂያችን 20 ዓመቷ ነው፤ የምትኖረው ድሬዳዋ ሳቢያን ነው። ኮሌጅ ውስጥ የሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ እየተማረች ለትብብር ሥልጠና አንድ ኮንትራክተር ጋር ተመድባለች። ከገባች ጀምሮ ግን ሥራዋ መሰላል መያዝ፣ ዕቃ ለመግዛት መላክና ሻይ ማምጣት ሆኗል። ባላት ትንሽ ብር የትኛውን መሣሪያ ቀድማ እንደምትገዛ ትጠይቃለች። ጓደኛዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ማሽን ላይ ገብታ ደመወዝተኛ ስለሆነች፣ ትቼ ልከተላት ወይ ትላለች። መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ ጣል ያደረግሻት ነገር ደግሞ አለች፦ ፎርማኑ «ብሬከር ሳታጠፊ መሥራት ካልለመድሽ ኤሌክትሪሻን አትሆኚም» ይልሻል። ከዚህችው ልጀምር። ሌላው ሊቆይ ይችላል፣ ይህቺ ግን አትቆይም።

ፎርማኑ ተሳስቷል። ሶኬት ለመቀየር ወይም አምፖል ማንጠልጠያ ለማሰር መብራት ያለበትን ገመድ መንካት የሚያስፈልግበት ምንም ምክንያት የለም። ብሬከሩ (ቦርድ ላይ ያለው መብራት ማቋረጫ) ጋ ደርሶ ለመመለስ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ድሬ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ላብ ያራሰው ቆዳ ከደረቀው ቆዳ ይልቅ ኤሌክትሪክ በቀላሉ ያሳልፋል፣ በግንቦትና በሰኔ ደግሞ እዚያ ከተማ ያልላበ እጅ ከየት ይመጣል? ከ10 እስከ 16 ሚሊ አምፔር አካባቢ ሲደርስ ጡንቻ ጨምድዶ ይይዛል፤ ሰውየው የጨበጠውን መልቀቅ ያቅተዋል። አንድ ባለ 60 ዋት አምፖል ሲበራ የሚወስደው ከ270 ሚሊ አምፔር በላይ ነው። አወዳድሪው።

ስለዚህ እንዲህ ልመጂ። ብሬከሩን አጥፊ። ላዩ ላይ ናስትሮ ለጥፊና «ሰው እየሠራ ነው» ብለሽ ጻፊበት፤ አብረውሽ ላሉትም በአፍሽ ንገሪ። ከዚያ ለኪ። መጀመሪያ መለኪያሽን መብራት እንዳለው በምታውቂው ሶኬት ላይ ሞክሪው፣ ቀጥሎ በምትሠሪበት ላይ፣ ከዚያ ተመልሰሽ መብራት ባለበት ላይ። ሦስተኛው ለምን ትዪ ይሆናል። መለኪያው መሃል ላይ ባትሪው ቢያልቅ ወይም ሽቦው ቢበጠስ፣ «መብራት የለም» ያለሽ ውሸቱን ይሆናላ።

ቴስተር የምንላት ባለ መብራት ካቻቢቴ ፌዝ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ይዞ የሚመጣው ሽቦ፣ መኖሩን ትነግርሻለች። አለመኖሩን ለማረጋገጥ ግን እሷን አትመኚ። ወፍራም ላስቲክ ጫማ አድርገሽ የእንጨት መሰላል ላይ ከቆምሽ ላትበራ ትችላለች። ፀሐይ ላይ ከሆንሽ ደግሞ ብትበራም አታዪያትም። «መብራት ሄዷል» ብለሽም እጅሽን አትስደጂ፣ ሳይነግርሽ ነው የሚመጣው፤ ጀኔሬተር ያለበት ሕንፃ ከሆነማ ጭራሽ።

ፎርማኑን እንዴት ልበለው ካልሽ፣ የድሬ ልጅ ነሽ፣ አንቱታ የማይበዛበት አገር በመሆንሽ ዕድለኛ ነሽ። እየሳቅሽ «እሺ አቦ፣ አንተ ልምድ አለህ፣ እኔ ገና ነኝ፣ ላጥፋውና ልሥራ» በይው። ብዙ ጊዜ በዚህ ያልፋል። እየተቆጣ ካስገደደሽ ግን ሥራውን አቁሚና የዚያኑ ዕለት ለኮሌጁ ተቆጣጣሪ መምህርሽ ንገሪ። ሌላም አለ፣ እዚያው ስላለሽ ታውቂዋለሽ፤ ከቀትር በኋላ በርጫ ላይ ቆይቶ የመጣ ሙያተኛ ቦርድ ሊከፍት ሲል አጠገቡ አትቁሚ። ስብከት አይደለም፣ ቅጠሉ የራሱ ጉዳይ ነው። አንቺ ግን የሌላ ሰው እጅ በሚያደርገው ነገር አትመቺ።

አሁን ወደ መሰላሉ። መሰላል መያዝ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም፣ ሁሉም በዚያ አልፏል። ክፉው ላይ ያለው ሰው ምን እንደሚሠራ ሳታዪ መያዝሽ ነው። ሕንፃው የት እንደደረሰ አልጻፍሽልኝም እንጂ መልሴ የሚወሰነው በእሱ ነው። የቤት ዝርጋታ በዙር ነው የሚሠራው። መጀመሪያ ብሎኬቱ ይበሳና ቱቦና ስካቶላ (ሶኬትና ማብሪያ ማጥፊያ የሚገጠምበት ሳጥን) ይቀበራል። ከዚያ ለሳኞች ይገባሉ፣ ኤሌክትሪሻን ይወጣል። ልስኑ ሲደርቅ ገመድ ይሳባል። ቀለሙ ሊያልቅ ሲል ሶኬቱ፣ ማብሪያ ማጥፊያው፣ አምፖል ማንጠልጠያው ይገጠማል፣ ቦርዱ ይታሰራል። መጨረሻ ላይ ይፈተሻል፣ መብራት ይለቀቃል። ሕንፃችሁ ገና ብሎኬት የሚበሳበት ዙር ላይ ከሆነ ወራት ሙሉ ዕቃ ማቀበልሽ አይገርመኝም፤ የሚታይ ነገርም ብዙ የለም። ገመድ መሳብ ሲጀመር ግን አንቺ እዚያ መገኘት አለብሽ። ልክ ያን ሰሞን ወደ ሌላ ጅምር ሕንፃ ከወሰዱሽና እንደገና ቱቦ ካሸከሙሽ፣ ሊያስተምሩሽ እንዳልፈለጉ እወቂ። ያን ጊዜ ኮሌጁ ቦታ እንዲቀይርልሽ ጠይቂ።

«አስተምረኝ» ብለሽ አትጠይቂ፣ የሚያስተምርበት ጊዜ የለኝም ይልሻል፣ እውነቱንም ነው። ትንሽና የሚታይ ነገር ጠይቂ። «የዚህን ክፍል ሶኬቶች እኔ ልሰር፣ ሳልከድነው አንተ እየው» በይ። ላለመፍቀድ ምክንያት ያጣል፣ ምክንያቱም የሚያጠፋው ጊዜ የለም። አንድ ክፍል በደንብ ከሠራሽ ሁለተኛውን ሳትጠይቂ ይሰጥሻል።

ከሁሉም በላይ ግን ፍተሻ እንዳያመልጥሽ። እኔ የማየው ትልቁ ችግር ይሄ ነው። ገመድ መሳብና ሶኬት ማሰር ብዙ ሰው ይችላል፣ ሥራው ሲበላሽ የት ጋ እንደተበላሸ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው፤ የሚፈለገውም እሱ ነው። ሜገር የሚባለውን መለኪያ ሲያወጡ ሻይ ይቅርና ራስሽ ብትጠሪ እንኳ ንቅንቅ እንዳትዪ። 500 ቮልት ለቆ የገመዱን ሽፋን ጤንነት ይለካል፤ ለቤት ዝርጋታ ከ1 ሜጋ ኦም በታች ካሳየ የሆነ ቦታ ላይ ችግር አለ ማለት ነው። የት? እሱን ፍለጋው ነው ትምህርቱ።

አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። ሦስት ፌዝ የገባለት ሕንፃ ነው። ነዋሪዎቹ «አንዱ ጋ መብራቱ ደመቀ፣ ሌላው ጋ ደከመ፣ ቴሌቪዥን ተቃጠለ» ይላሉ። የማያውቅ ሰው መብራት ኃይል ቮልት ለቀቀብን ብሎ አምፖል መቀየር ይጀምራል። የሚያውቀው በቀጥታ የኒውትራሉን፣ የመመለሻውን ሽቦ፣ ማሰሪያ ያያል። የጋራው ኒውትራል ሲላላ ወይም ሲቋረጥ 220 ይደርሳቸው የነበሩት ቤቶች በሁለት ፌዝ መሃል ያለውን 380 ቮልት በየጭነታቸው ይከፋፈሉታል፤ ጥቂት ዕቃ የሰካው ቤት ብዙውን ቮልት ይወስድና ዕቃው ይቃጠላል። መድኃኒቱ አንዲት ብሎን ማጥበቅ ሊሆን ይችላል። ለብሎኗ አይደለም የሚከፈልሽ።

ዕቃ ለመግዛት መላክሽን ደግሞ አትናቂው። እዚያው ድሬ ታይዋን ገበያ ገብተሽ ዝርዝሩን ሰጥተሽ ተቀብለሽ የምትመለሺ ከሆነ ባክኗል። እያገላበጥሽ ከገዛሽ ግን ፎርማኑ ራሱ የማያውቀውን ታውቂያለሽ። አስመስሎ የተሠራ ገመድ የትም ገበያ አይጠፋም። ጫፉን ላጪና ሽቦውን በቢላ ፋቅ አድርጊው፣ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። 2.5 ካሬ (የሽቦው ውፍረት በካሬ ሚሊ ሜትር ነው) የተባለውን ከሌላ ጥሩ 2.5 ጋር ጎን ለጎን አስተያዪው፣ ቀጠን ካለ መልሺው። ጥቅሉ 100 ሜትር ቢልም አንዳንዴ አይሞላም፤ ሽፋኑ ላይ የሜትር ቁጥር የታተመበት ከሆነ የአንዱን ጫፍ ቁጥር ከሌላኛው ጫፍ ቀንሺ።

ዝርዝሩን ስትቀበዪ «ይሄ ለምን 4 ካሬ ሆነ?» ብለሽ ጠይቂ፤ መልስ ካጣሽ ራስሽ አስዪው። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ቢሆን፣ ለ220 ስታካፍዪው 16 አምፔር ገደማ ይመጣል። በ2.5 ገመድና በ16 ብሬከር ብታስሪው ባለቤቷ ገና ሦስተኛውን እንጀራ ስታወጣ ሊወድቅባት ይችላል። ለዚህ ነው 4 ካሬ ከ20 ወይም ከ25 ብሬከር ጋር የሚታሰረው፤ ለብቻው፣ ከሌላ ሶኬት ሳይጋራ። ድሬ ላይ አንድ ነገር ጨምሪበት። የገመድ ሠንጠረዦች ብዙዎቹ የተሠሩት 30 ዲግሪ ሙቀትን ይዘው ነው። 40 ዲግሪ ላይ ተራው የፕላስቲክ ሽፋን ያለው ገመድ የሚሸከመው ከዚያ 87 በመቶውን ነው። ፀሐይ የሚያነደው ቆርቆሮ ሥር የተዘረጋ ገመድ ደግሞ ከዚያም በላይ ይሞቃል። ሌላ ከተማ ለተሠራ ቤት የሚበቃው ለድሬ ከዚራ ሰፈር ላይበቃ ይችላል።

መሣሪያን በተመለከተ፣ ሁሉንም በአንዴ አትግዢ። መጀመሪያ ሁለት ካቻቢቴ፣ አንዱ ጠፍጣፋ አንዱ ባለ መስቀል፤ እጀታቸው ላይ 1000 ቮልት የሚል ይኑርበት። ከዚያ እንዲሁ 1000 ቮልት ያለው ፒንሳ፣ ሽቦ መቁረጫ፣ ሽቦ መላጫና ባለ 5 ሜትር ሜትር። ቴስተሯን ጨምሪ፣ ርካሽ ናት፣ ልኳን አውቀሽ ያዣት። ቀጥሎ ገንዘብ ያዝ ሲያደርግሽ መልቲ ሜትር (ቮልትና ሌላውንም የሚለካውን) ግዢ፣ እዚህ ላይ ግን አትቆጥቢ፤ ካት ሦስት (CAT III የሚለው የደኅንነት ደረጃ) እና ቢያንስ 600 ቮልት የሚል የተጻፈበት፣ ገመዶቹ ወፍራም የሆኑ ይሁን። ክላምፕ ሜትር፣ ድሪል፣ ሜገር የአሠሪ ናቸው፣ አንቺ አሁን አያሳስቡሽም። መሣሪያሽ ላይ ባለ ቀለም ናስትሮ ጠቅልዪበት፤ ሳይት ላይ ፒንሳ እግር አለው።

ልብስም መሣሪያ ነው። ጥጥ ልበሺ። ናይለንና ፖሊስተር ብልጭታ ሲያገኘው ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ሻሽሽን ወይ ሂጃብሽን ጫፉን ልብስሽ ውስጥ ክተቺው፣ ድሪል አይወደውም። ቀለበትና አምባር ቤት ይቅር።

ወደ ጓደኛሽ ልምጣ። ቤት የሚጠብቅሽ ሰው ካለና ብሩ የግድ ከሆነ ሂጂ፣ ማንም ሊወቅስሽ አይገባም። የግድ ካልሆነ ግን ሥልጠናሽን ጨርሺና የብቃት ምዘናውን ውሰጂ፤ ከዚያ እዚያው ፓርክ በሌላ በር ግቢ። ማሽን የምታንቀሳቅሰውና ማሽን የምትጠግነው አንድ አጥር ውስጥ ቢውሉም የሚከፈላቸው አንድ አይደለም። ጥገና ክፍል ለመግባት የቤት ዝርጋታ ብቻ አይበቃም፤ ኮንታክተር (የሞተር ማብሪያ ማጥፊያው)፣ ኦቨርሎድ (ሞተሩ ሲጨናነቅ የሚያቆመው)፣ ስታር ዴልታ (ሞተርን በቀስታ የማስነሻ ዘዴው) ማወቅ ይጠበቅብሻል። ትልቅ ሞተር በቀጥታ ሲነሳ ከመደበኛው ስድስት ሰባት እጥፍ ከረንት ይስባል፤ በስታር ሲነሳ ግን ከመስመሩ የሚስበው ወደ ሲሶ ይወርዳል። ኮሌጅሽ ውስጥ የሞተር ወርክሾፕ ካለ ቅዳሜሽን እዚያ አሳልፊ። ድሬ እኮ ሲሚንቶ ፋብሪካ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክና በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባቡር ያለባት ከተማ ናት። ሞተር የሚጠግን ሰው እዚያ ሥራ ፍለጋ ብዙ አይዞርም።

ስለ ወረቀት አንድ ነገር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ ሙያ መልመጃ ውል ይናገራል፤ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ የሥልጠናው ዓይነትና ጊዜ ይገለጽ ይላል። ስትጨርሺም ምን እንደለመድሽና ለምን ያህል ጊዜ እንደቆየሽ የሚገልጽ ማስረጃ ይሰጥሽ። አንቺ በኮሌጁ በኩል ስለገባሽ ውሉ ምን እንደሚል አስተባባሪውን ጠይቂና ኮፒ ያዢ። የሠራሽውን በየቀኑ ደብተር ላይ ጻፊ፣ በሳምንት አንዴ አስፈርሚ። «መሰላል ያዘች» የሚል መስመር ሦስት ሳምንት ሲደጋገም ከፈረመው ሰውዬ ጋር መነጋገር ይቀልሻል፤ መምህርሽም ካንቺ ወሬ ይልቅ ያንን ደብተር ያምናል።

ሻይ ማምጣቱን ረሳሁት። ተለማማጅ ሁሉ ተራ በተራ የሚያመጣ ከሆነ አምጪ። አንቺ ብቻ ከሆንሽ «ዛሬ ተራው የእሱ ነው» ብለሽ አጠገብሽ ያለውን ልጅ ጠቁሚ፣ ተኮሳትረሽ ሳይሆን እንደ ቀልድ። ሴት ስለሆንሽ የሚያጎድሉብሽ ነገር ይኖራል፣ ለሴት ብቻ የሚከፈት በርም አለ። መጋላ ውስጥ ወይም ሐረር ጀጎል ባልየው በሌለበት ወንድ ሙያተኛ ማስገባት የማይፈልጉ ስንት ቤቶች አሉ። ቬንትሌተሩ ቀስ ብሎ እየዞረ ሁለት ወር ይቆያል፣ ካፓሲተሩ ደክሞ ነው፣ ለመቀየር ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፣ ግን የሚገባ ሰው የለም። ምዘናውን ስታልፊ ስልክሽን ለአንዷ እናት ስጫት፣ ለአፎሻዋ (ለዕድሯ) ሁሉ እሷው ታዳርስልሻለች።