ስለ ቀንድ አውጣ ጠይቁኝ፦ ከጎመን መደብ እስከ ቀይ ባሕር

ባለፈው ሳምንት «ስለ ቀንድ አውጣ የፈለጋችሁትን ጠይቁ» ስል ሁለት ሦስት ጥያቄ ቢመጣ ነው ብዬ ነበር። ጎርፍ ሆነ! ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በጋውን ሙሉ አንድም አላይም። ክረምት ሲገባ ጎመኔን ይወሩታል። ከየት ነው የሚመጡት?

መልስ፦ የትም አልሄዱም እህቴ፣ እዚያው ነበሩ። ከድንጋይ ሥር፣ ከአጥር ሥር፣ አፈር ውስጥ። ቀንድ አውጣ ድርቅ ሲመጣ ዛጎሏ ውስጥ ትገባና በሩን በዝልግልግ ፈሳሿ ትለስነዋለች። ፈሳሹ ሲደርቅ እንደ ስስ ብራና ይሆናል። ከዚያ እንቅልፍ ነው።

ምን ያህል ትተኛለች ካላችሁ፣ የለንደኑን የብሪቲሽ ሙዚየም ታሪክ ልንገራችሁ። በ1846 ከግብፅ የመጣች አንዲት የበረሃ ቀንድ አውጣ የሞተች መስሏቸው ካርቶን ላይ በሙጫ ለጠፏት። በ1850 ካርቶኑ ላይ የፈሳሽ ምልክት ታየ። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ሲከቷት ጭንቅላቷን ብቅ አደረገች። አራት ዓመት ያለ ምግብ፣ በሙጫ ተጣብቃ! ያንቺዎቹ አንድ በጋ አያቅታቸውም።

ለጎመኑ፦ ማታ በባትሪ እየለቀምሽ አስወግጂ። ወይም እርጥብ ጣውላ መሬት ላይ አጋድመሽ እደሪና ጠዋት ገልብጪው፣ ሥሩ ተሰብስበው ታገኛቸዋለሽ። ጨው አትበትኚ፤ አፈሩን ነው የምታበላሺው።

ጥያቄ፦ እኛ ስንማር ቀንድ አውጣዎች በሦስት ይመደቡ ነበር። አሁን ልጄ የሚያነበው ሌላ ነው። ማን ነው የተሳሳተው?

መልስ፦ ማንም አልዋሸም፣ ዕውቀቱ ነው የተቀየረው። የድሮው ምደባ መተንፈሻቸውን ያይ ነበር። ስንጥባቸው ከልብ ፊት የሆነ፣ ከልብ ኋላ የሆነ፣ ስንጥቡ ጠፍቶ በሳንባ የሚተነፍስ። ለማስተማር ይመቻል። ችግሩ፣ ዝምድናን አያሳይም። ሰዎችን በለበሱት ጋቢ ዘመድ እንደማድረግ ነው።

ዘረመላቸው ሲመረመር ከባሕር ወደ የብስ የወጡት አንዴ ብቻ እንዳልሆነ ታወቀ። የተለያዩ ቤተሰቦች፣ በተለያየ ዘመን፣ እየደጋገሙ ወጥተዋል። ስለዚህ የብስ ላይ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት ቀንድ አውጣዎች እርስ በርስ ከመዛመድ ይልቅ ባሕር ውስጥ ካሉ ዘመዶቻቸው ጋር ይቀራረቡ ይሆናል። አንዳንዶቹ ዛሬም የባሕር ቅድመ አያቶቻቸውን ክዳን ጀርባቸው ላይ ተሸክመው ይዞራሉ፤ ሲገቡ በሩን ጥርቅም ያደርጉታል። ዛጎል የሌላቸው ልሙጦቹም አንድ ቤተሰብ አይደሉም። ዛጎላቸውን የጣሉት በየፊናቸው ነው።

አሁን ዋና ዋናዎቹን ቅርንጫፎች አምስት ስድስት አድርገው ይቆጥሯቸዋል። ስሞቹ ምላስ ይሰብራሉ፣ ልለፋቸው።

ጥያቄ፦ በጠቅላላው ስንት ዓይነት አሉ?

መልስ፦ በሕይወት ያሉት ከ60 ሺህ እስከ 80 ሺህ ይገመታሉ። ብዙዎቹ የባሕር ናቸው። በወንዝና በሐይቅ ወደ 4 ሺህ ገደማ።

ጥያቄ፦ አያቴ ዘንድ ዛጎል የተሰፋበት አገልግል አለ። ዛጎሉ ከየትኛው ወንዛችን ነው?

መልስ፦ ከየትኛውም ወንዛችን አይደለም። ያ ነጭ፣ በሆዱ በኩል እንደ ጥርስ የተሰነጠቀው ዛጎል የባሕር ቀንድ አውጣ ቤት ነው። ከቀይ ባሕርና ከሕንድ ውቅያኖስ ይወጣል። በተለይ ከማልዲቭ ደሴቶች ለብዙ መቶ ዓመታት በመርከብ እየተጫነ ተሸጧል፤ በአፍሪካም በእስያም እንደ ገንዘብ ተገበያይተውበታል። የሐመር ሴቶች ቆዳ ላይ የሚሰፋው፣ ዛጎል ጣይዋ የምትበትነው፣ ሁሉም ባሕር አይተዋል። የአያትህ አገልግል ከብዙዎቻችን በላይ ተጉዟል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ሐይቅ ዳር ነው የማሳድገው ልጆቼን። ቢልሃርዚያ የምታመጣዋን ቀንድ አውጣ እንዴት ልለያት?

መልስ፦ ይህን ረዘም አድርጌ ልመልሰው። አገራችን ውስጥ የአንጀት ቢልሃርዚያን የምታስተላልፈው ትንሽ ናት፤ ዛጎሏ እንደተጠቀለለ ቀበቶ ጠፍጣፋ ነው። በአዋሽ ሸለቆ የሽንት ፊኛውን ቢልሃርዚያ የምታስተላልፈው ደግሞ ሾጠጥ ያለች ናት። ጫፏን ወደ ላይ፣ አፏን ወደ አንቺ አድርገሽ ብታያት አፏ በግራ በኩል ነው። አብዛኞቹ ቀንድ አውጣዎች በቀኝ ናቸው።

ግን አደራ፣ «ይቺ አይደለችም» ብለሽ ልጆቹን እንዳትለቂያቸው። ቀንድ አውጣዋ አትነክስም። በሽታውን የሚያመጣው ጥገኛ ትል እሷ ውስጥ ተራብቶ ውሃው ውስጥ ይለቀቃል፣ ከዚያ በቆዳ ይገባል። በዓይን አይታይም። ስለዚህ የሚያስፈራው ውሃው ነው።

እግረ መንገዴን፣ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ያዩትን ሳልጠቅስ አላልፍም። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፍፈው አገኙ። እናቶቻችን ነጠላ የሚያነጡበት እንዶድ ቀንድ አውጣ ገዳይ ሆኖ ተገኘ። በ1989 እሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በዚህ ሥራ የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አግኝተዋል። እንዶዱ ግን ዓሣም ይገድላልና ዝም ብሎ ሐይቅ ውስጥ አይጣልም።

ጥያቄ፦ ጂዳ ነው የምኖረው። ባሕር ዳር ቆንጆ ቆንጆ ዛጎል እለቅማለሁ። ችግር አለው?

መልስ፦ ባዶ ከሆነ የለውም። እንደ አይስክሬም ኮን የሾጠጠ፣ ጥለት ያለው ካገኘህ ግን እጅህን ሰብስብ። ቀይ ባሕር ውስጥ የሚኖር ቀንድ አውጣ ነው፣ በመርዛማ መውጊያው ዓሣ የሚያድኑ ዓይነቶች አሉት፤ ሰው የገደለም አለ። ኪስህ ውስጥ ብትከተው መውጊያው በጨርቅ ያልፋል። የሚገርመው፣ ከእነዚሁ ዘመዶች የአንዱ መርዝ ለከባድ ሕመም ማስታገሻ ሆኗል። መድኃኒቱ አሜሪካ ውስጥ በ2004 ተፈቅዷል።

ጥያቄ፦ ከሁሉም አንተን የገረመህ የቱ ነው?

መልስ፦ በሕንድ ውቅያኖስ ወለል፣ የሞቀ ውሃ ከመሬት ሥር በሚፈልቅበት፣ እግሯ በቅርፊት የተሸፈነ ቀንድ አውጣ አለች። ቅርፊቱም ዛጎሉም ላይ የብረትና የድኝ ውሁድ አለበት። ጥሩር የለበሰች ናት ማለት ነው። ምግቧንም የሚያዘጋጁላት ሰውነቷ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው።

ጥያቄ፦ ይበላል ወይ?

መልስ፦ ፈረንሳዮች በቅቤና በነጭ ሽንኩርት፣ ናይጄሪያዎችና ጋናዎች ትልልቆቹን በቅመም ይበሉታል። እኔን ከሆነ የጠየቃችሁ፣ ቅቤውን ለብቻው ስጡኝ።