ስድስት ኪሎ ይበቃሃል
የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ፦ የጊታር ዓምድ

ጥያቄ፦ ካሳንችስ ማታ ማታ ከባንድ ጋር ጊታር እጫወታለሁ። ጊታሬ የስትራቶካስተር፣ የአሜሪካው ፌንደር ኩባንያ ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ኮፒ ናት። አንገቷ ምንም አይወጣለትም፣ ድምጿ ግን ደረቅ ነው፤ ይጮሃል እንጂ አይጥምም። የሮሃ ባንዱን ሰላም ስዩምን እየሰማሁ ነው ያደግኩት፣ እንደዚያ ጥርት ያለ ነገር ነው የምፈልገው። ወንድሜ ለፋሲካ ከአሜሪካ ስለሚመጣ የድሮ ዓይነት ሲንግል ኮይል ፒክአፕ (ማግኔት ላይ አንድ የሽቦ ጥምጥም፣ ማለትም ኮይል፣ ያለውና የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ዕቃ) ላስመጣ ነው። ጓደኛዬ ደግሞ «ኪሎ ኦሙ ትልቅ የሆነውን ግዛ፣ 8 ከ6 ይበልጣል» ይለኛል። እውነቱን ነው?

መልስ፦ 8 ከ6 መብለጡን አልክድም። ላንተ የሚሆነው ግን 6ቱ ነው።

ኦም የሚነግርህ የፒክአፑ ሽቦ ለኤሌክትሪክ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ነው። ስለ ድምፅ ብዙም አያወራም። ቀጠን ያለ ሽቦ ከተጠመጠመ ዙሩ ሳይጨምር ቁጥሩ ይወጣል። ሙቀትም ይቀይረዋል፤ መዳብ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ኦሙ 4 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ ስለዚህ ጠዋት በብርዱ 6 ያለህ ፒክአፕ ማታ መድረክ መብራት ስር 6.2 ቢል አትደንግጥ።

ሽቦው አንድ ዓይነት ከሆነ ግን ትልቁ ቁጥር ብዙ ዙር ማለት ነው። ዙር ሲበዛ ድምፁ ይጎላል፣ መሃሉ ይወፍራል፣ የላይኛው ጥራት ደግሞ ይታፈናል። ለሮክ አሪፍ ነው። አንተ ግን ትዝታና ባቲ ላይ ነጠላ ክር እየለቀምክ ነው የምትጫወተው፣ ኪቦርዱና ሳክስፎኑ መሃሉን ይዘውታል፣ የሚተርፍህ ቦታ የላይኛው ነው፣ ያንንም ካፈንከው ማን ይሰማሃል? ፌንደር ስትራቶካስተርን ያወጣው በ1954 እ.ኤ.አ. ነው፤ የዚያ ዘመን ፒክአፖች ባብዛኛው ከ5.5 እስከ 6.5 ኪሎ ኦም አካባቢ ናቸው። ለወንድምህ ይህንኑ ንገረው።

ከኦሙ በላይ ማግኔቱን ጠይቅ። ርካሽ ጊታሮች ላይ ብዙ ጊዜ የምታገኘው ስድስት የብረት ዘንግና ከስር የተለጠፈ ጠፍጣፋ ሴራሚክ ማግኔት ነው። ፒክአፑን ገልብጠህ ካየኸው ይታወቃል። በድሮው አሠራር ዘንጎቹ ራሳቸው አልኒኮ ማግኔት ናቸው፤ አልኒኮ የአሉሚኒየም፣ የኒኬልና የኮባልት ቅልቅል ያለበት ብረት ነው። አልኒኮ 5 ጠንካራ ነው፣ ከላይ ብሩህ፣ ከታች ቆፍጠን ያለ። አልኒኮ 3 ይለሰልሳል። ከባንድ ጋር ለሚጫወት ሰው እኔ 5ን እመርጣለሁ፣ 3 ቤት ውስጥ ብቻህን ስትጫወት ደስ ይልና ከበሮው ሲገባ ትንሽ ይጠፋል።

አሁን ብዙ ሰው ወደማያየው ነገር ልምጣ። «ልክ እንደ ድሮው» ተብለው የሚሸጡ ፒክአፖች ላይ የዘንጎቹ ቁመት እኩል አይደለም፣ የሦስተኛው ክር ዘንግ ከፍ ብሎ ወጥቷል። በዚያን ጊዜ ሦስተኛው ክር የተጠመጠመ ወፍራም ክር ስለነበር ድምፁ ደከም ይል ነበር፣ ለዚያ ነው ማግኔቱን ያስጠጉት። ዛሬ አንተም እኔም የምናስረው ልሙጥ ሦስተኛ ክር ነው። በዚያ ከፍ ባለ ማግኔት ላይ ሲሆን ከሌሎቹ ተለይቶ ይጮሃል፣ ዜማው መሃል ላይ አንድ ኖታ ዘሎ ጆሮህን ይመታሃል። ስለዚህ ዘንጎቹ እኩል የሆኑትን ወይም ለዛሬ ክር የተስተካከሉትን ይግዛልህ። ከገዛሁ በኋላ በጣቴ ገፋ አደርገዋለሁ እንዳትል! በድሮው አሠራር ሽቦው በቀጥታ ማግኔቱ ላይ ነው የተጠመጠመው፣ ከገፋኸው ይበጠሳል፣ አለቀ።

መሃለኛው ፒክአፕ ጥምጥሙም ማግኔቱም የተገላበጠ ይሁን። ድሮ እንዲህ አልነበረም፣ ግን ፒክአፕ በሚመርጠው ባለ አምስት ደረጃ ማብሪያ 2ኛና 4ኛ ቦታ ላይ እምምታውን ያጠፋልሃል፣ እዚህ ላይ ለድሮነት ብዬ ሙጭጭ አልልም። ከማዘዝህ በፊት ከአንደኛው ዘንግ መሃል እስከ ስድስተኛው ዘንግ መሃል በማስመሪያ ለካ፤ ኮፒ ጊታሮች ከኦሪጅናሉ ጠበብ ሊሉ ይችላሉ። የቮልዩሙና የቶኑ ማዞሪያዎችም 250 ኪሎ ኦም መሆናቸውን እይ፣ 500 ከሆኑ ድምፁ ይሾላል።

ደግሞ ለወንድምህ ከመደወልህ በፊት ካቻቢቴ አንሳ። ፒክአፑ ለክሩ በጣም ከተጠጋ ማግኔቱ ክሩን ይስበዋል፣ ኖታው ይንቀጠቀጣል፣ ቅኝቱ የተበላሸ ይመስልሃል። ክሩን መጨረሻው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ ተጫነው፣ ከዚያ ከማግኔቱ እስከ ክሩ ያለውን ክፍተት በወፍራሙ ክር በኩል 2.4 ሚሊሜትር፣ በቀጭኑ 2 ሚሊሜትር አካባቢ አድርገው። አዲስ ክርም እሰር። ይህን አድርገህ ድምፁ አሁንም ደረቅ ከሆነ ያኔ ደውል።

ጥያቄ፦ ሜክሲኮ አካባቢ ባለ ቸርች ውስጥ ቴሌካስተር፣ ሌላውን የፌንደር ኤሌክትሪክ ጊታር፣ እጫወታለሁ። ትልቁ ስክሪን ሲበራ ጊታሬ ይጮሃል። ኖይዝለስ ፒክአፕ ልግዛ ወይስ ድምፁ ይበላሻል?

መልስ፦ እህቴ፣ ግዢ፣ ምንም አያሳፍርም። ኖይዝለስ የሚባሉት ብዙዎቹ ሁለት ኮይል ተደራርቦባቸው አንዱ የሌላውን እምምታ የሚያጠፋ ነው። ከላይ ትንሽ ጥራት ይወስዳሉ፣ ግን በአምልኮ መሃል ያ ጩኸት ይሻላል የሚል ሰው ያለ አይመስለኝም። በቅድሚያ ግን ከስክሪኑ ራቅ ብለሽ ቆመሽ ዙሪ፤ አቅጣጫሽን ስትቀይሪ ከቀነሰ ችግሩ የኮይሉ ነው። ውስጡን በመዳብ ፎይል መሸፈን ዝዝ የሚለውን ቀጭን ጩኸት ይቀንሳል፣ ከትራንስፎርመር የሚመጣውን የ50 ኸርዝ እምምታ ግን አያቆመውም። ክሩን ይዘሽ ማይኩን ስትነኪ ከነዘረሽ ደግሞ ጉዳዩ የፒክአፕ አይደለም። ጊታሩን አስቀምጪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ኧርዙን (ወደ መሬት የሚወርደውን መስመር) ይይ።

ጥያቄ፦ በወጣትነቴ የገዛሁት ጊታር አንዱ ፒክአፑ ድምፅ አይሰጥም። መርካቶ ሞተር የሚጠመጥሙ ልጆች ሊሠሩልኝ ይችላሉ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ከመውሰድዎ በፊት በቴስተር ያስለኩት። ኦም ካሳየ ኮይሉ ደህና ነው፣ ችግሩ ማብሪያው ወይም ብየዳው ጋ ነው። ምንም ካላሳየ ሽቦው ተበጥሷል፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ የሚበጠሰው ጫፉ ላይ፣ ወፍራሙ ሽቦ ከቀጭኑ የሚገናኝበት ቦታ ነው፤ እሱን እጁ የረጋ ቴክኒሻን መልሶ ይበይደዋል። ሙሉ ጥምጥም ከሆነ ግን የሞተር ሽቦ አይሆንም። የዚህ ውፍረት 0.063 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ ከፀጉር አይበልጥም። ሽቦውን ከውጭ ያስመጡና ይስጧቸው፣ ሽቦው እስኪመጣ ግን አሮጌውን ኮይል ማግኔቶቹ ላይ እንዳለ ይያዙት፣ ማንም እንዳይፈታብዎት።