ጥያቄና መልስ፦ ከላብራቶሪ ስለሚያመልጥ በሽታ የከብት ሐኪሙን ጠይቁ

ሰላም ለሁላችሁ። ወሎና አፋር ቆላ ውስጥ ከ30 ዓመት በላይ ከብት አክሜያለሁ። ናሙና ይዤ ላብራቶሪ ስመላለስ ኖሬያለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ላይ አንዲት ወጣት ባለሙያ ሰዎች ከበው ሲጮኹባት አየሁ። «ከፍየሎቻችን ደም የምትቀጂው በሽታ ልትሠሩበት ነው» ነበር የሚሏት። ልጅቷ እያለቀሰች ሄደች። በጣም አዘንኩ። ስለዚህ ጠይቁኝ። ግን የትኛው በሽታ፣ የት፣ መቼ ብላችሁ ጠይቁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

የጦሳ ልጅ፦ ጋሼ፣ በሽታ እውነት ከላብራቶሪ አምልጦ ያውቃል? ወይስ ወሬ ነው?

መልስ፦ አምልጦ ያውቃል። የሚክድ ባለሙያ ካጋጠማችሁ አትመኑት። በተፈጥሮ የመጣ ፈንጣጣ የያዘው የመጨረሻ ሰው የተገኘው በ1977 ሶማሊያ ውስጥ ነው። በዓመቱ እንግሊዝ አገር፣ በርሚንግሃም ከተማ፣ ጃኔት ፓርከር የምትባል የሕክምና ትምህርት ቤት ፎቶ አንሺ ፈንጣጣ ያዛትና ሞተች። ከምትሠራበት ፎቅ በታች የፈንጣጣ ላብራቶሪ ነበር። በየት በኩል እንደደረሳት ዛሬም ያከራክራል።

ሳርስ የሚባለው ከባድ የመተንፈሻ በሽታም በ2003 እና በ2004 ከሲንጋፖር፣ ከታይዋንና ከቤጂንግ ላብራቶሪዎች ሠራተኛ ይዞ ወጥቷል። ቤጂንግ ላይ የታመመችው ተመራማሪ እናቷን አጥታለች። በ2007 ደግሞ አፍተግር እዚያው እንግሊዝ፣ ፒርብራይት ከሚባል የእንስሳት በሽታ ላብራቶሪ ግቢ፣ ባረጀ የፍሳሽ ቱቦ ሾልኮ የገበሬ ከብት ያዘ። ልብ በሉ። ቱቦ ነው፣ ጓንት ነው፣ የደከመ ሠራተኛ ነው። አብዛኛው አደጋ እንዲህ ነው የሚደርሰው።

ከባቲ፦ ኮሮናስ ከላብራቶሪ ነው?

መልስ፦ አልተቋጨም። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች በ2025 እንዳሉት እስካሁን ያለው ማስረጃ ወደ እንስሳ ያደላል፤ ከላብራቶሪ ወጥቷል የሚለውንም ውድቅ ማድረግ አይቻልም፤ ቻይና የተጠየቀችውን ሁሉ አልሰጠችም። ከዚህ በላይ የሚምልላችሁ ሰው ከኪሱ ነው የሚያወጣው።

የሐይቋ መምህርት፦ ተማሪዎቼ «ሳይንቲስቶች ቫይረስ ሆን ብለው ያጠነክራሉ» ይላሉ። ምን ልመልስላቸው?

መልስ፦ ጎበዝ ተማሪዎች ናቸው። በ2011 ሆላንድና አሜሪካ ያሉ ሁለት ቡድኖች የወፍ ጉንፋን ቫይረስን ፌሬት በሚባሉ ትናንሽ እንስሳት መካከል በትንፋሽ እንዲተላለፍ አድርገው ለወጡት። ዓላማቸው የትኛው ለውጥ እንደሚያሰጋ ቀድሞ ማወቅ ነበር። ዓለም ተንጫጫ። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ለአንድ ዓመት ያህል ሥራውን አቆሙ። አሜሪካም ከ2014 እስከ 2017 ለእንዲህ ዓይነቱ ምርምር ገንዘብ መስጠት አቁማ ነበር። እኔ ከሚፈሩት ወገን ነኝ። ጥቅሙ በግልጽ ካልታየ፣ የሚፈቅደውም ከሥራው ውጪ ያለ ሰው ካልሆነ፣ አይሠራ እላለሁ። ይህ ግን ከፍየል ደም ከመቅዳት ጋር ምንም አይገናኝም።

የወገልጤናው፦ ይህ ሁሉ የፈረንጅ ጣጣ ነው። እኛን ምን አገባን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አንተ የዋድላ ደላንታ ሰው ሆነህ ይህን ትላለህ? ክፉ ቀንን አያቶችህ አልነገሩህም? በእኛ አቆጣጠር ከ1880 እስከ 1884 ያለው ነው። ከህንድ በመጡ ከብቶች ምጽዋ ላይ የገባው የደስታ በሽታ በሬውን ጨረሰው። ስሙ ደስታ የተባለው ክፉውን በክፉ ስሙ ላለመጥራት ነው። በሬ ሲያልቅ የሚያርስ ጠፋ። ሳይታረስ ቀረ፣ ተራበ፣ ሰው አለቀ። አንድ ቫይረስ ነው ይህን ሁሉ የቀሰቀሰ፣ ያውም ሰው የማይዝ ቫይረስ።

ከመቶ ዓመት በኋላ እኛው አጠፋነው። ክትባቱ ያለ በረዶ የቆላ ሙቀት እንዲችል ተሻሻለ። አፋር ውስጥ ከአርብቶ አደሩ መካከል የሠለጠኑ ሰዎች ተሸክመውት በእግራቸው ሄዱ። አብሬያቸው ሄጃለሁ፤ መኪና በማይገባበት ሁሉ ይገቡ ነበር። በ2011 ዓለም ከደስታ ነፃ ተባለ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ከምድር ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ነው።

አሁን ጥያቄው ይህ ነው፤ በየላብራቶሪው ማቀዝቀዣ የቀረው የደስታ ቫይረስስ? ቢሾፍቱ ያለው የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል፣ ፓንቫክ፣ ቅሪቱን እንዲይዙ በዓለም ከተፈቀደላቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው። ያ የሆነው በየአገሩ ተበትኖ ከሚቀመጥ አንድ ቦታ ተጠብቆ ይሻላል ተብሎ ነው። የፒርብራይቱ ላብራቶሪ በ2019 የቫይረሱን ዘረመል አንብቦ መዝግቦ የነበረውን ክምችት አጠፋ። ትክክል አደረገ። ለክትባት የማያስፈልገው ሁሉ ይቃጠል ባይ ነኝ። ያገባናል ወንድሜ፤ ዳግመኛ ቢወጣ መጀመሪያ የሚወድቀው ያንተ በሬ ነው።

ከከሚሴ፦ ክፉ ቀን የፈጣሪ ቁጣ ነው እንጂ ቫይረስ ምናምን አይደለም።

የጦሳ ልጅ፦ አቦ ተው እንጂ! ቁጣም ቢሆን በበሽታ ነው የመጣው። ሁለቱ ምን ያጣላቸዋል?

ከከሚሴ፦ አያቴ ያየችውን ነው የምነግርህ።

የጦሳ ልጅ፦ አያትህ ያኔ አልተወለደችም ወላሂ።

መልስ፦ አያት ይከበር፣ ወደ ጥያቄው ተመለሱ።

ከባቲ፦ ደም የሚቀዱት ግን ለምንድን ነው? ውጤቱ ተመልሶልን አያውቅም።

መልስ፦ ይህ ትክክለኛ ቅሬታ ነው። ደም የሚቀዳው የትኛው በሽታ እንደገባ ለማወቅ ነው። ሳናውቅ የትኛውን ክትባት እናምጣ? ግን ውጤቱ ለባለከብቱ ካልተነገረ ወሬ ቦታውን ይይዛል። ውጤት መጠየቅ መብታችሁ ነው። ልጅቷን መስደብ ግን አይደለም።

የወረባቦው፦ ማርበርግ የሚባለው ገዳይ በሽታ ጂንካ የገባው ከላብራቶሪ ነው አሉ። ስሙም የጀርመን ከተማ ነው።

መልስ፦ ስሙ የመጣው በ1967 ከኡጋንዳ በተላኩ ጦጣዎች የጀርመንና የቤልግሬድ ላብራቶሪ ሠራተኞች ስለታመሙ ነው። 31 ሰው ያዘ፣ 7 ሞተ። ቫይረሱ ግን የአፍሪካ ነው፤ ዋሻ ውስጥ በሚኖሩ ፍራፍሬ በል የሌሊት ወፎች ይኖራል። ዋሻ ስትገቡ ተጠንቀቁ። የሞተ ከብትም አትብሉ፣ ቆዳውንም አትግፈፉ፤ አባ ሰንጋ በዚያ ነው የሚይዛችሁ።

ከከሚሴ፦ ቫይረስ አደገኛ ነው ወይ?

መልስ፦ የትኛው? ከላይ ለምኛለሁ። ስሙን ጥሩልኝ።

የወገልጤናው፦ ኮሮና ከላብራቶሪ ነው የወጣው?

መልስ፦ ተመልሷል። ወደ ላይ አንብብ።

ከቢስቲማ፦ ጋሼ ይቅርታ፣ ከርዕሱ ውጪ ነው። የእህቴን ልጅ ዛሬ ጠዋት ውሻ እግሩን ነከሰው። ውሻው የማን እንደሆነ አይታወቅም። እናቴ መጀመሪያ ዱዓ ቤት ይሂድ ትላለች።

መልስ፦ ሌሎቻችሁ ቆዩኝ። እህቴ፣ አሁኑኑ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቢው። በርበሬ፣ ቅጠል፣ ቡና፣ ምንም እንዳታደርጊበት። ከዚያ ጤና ጣቢያ፣ ለክትባት። ዱዓውን መንገድ ላይ አድርጉ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ አይድንም፤ ክትባቱ በጊዜ ከተሰጠ ግን ያድናል። ውሻው በእጃችሁ ከገባ 10 ቀን አስራችሁ ጠብቁት። እሱን ብላችሁ ግን ክትባቱን አታዘግዩ።

የሐይቋ መምህርት፦ ጋሼ፣ የላብራቶሪ ደረጃዎቹን ብታስረዱን?

መልስ፦ አራት ናቸው፤ አራተኛው መድኃኒት ለሌላቸው ገዳዮች ነው። ሌላ ቀን። ከቢስቲማ፣ ታጠበ?

ከቢስቲማ፦ ታጠበ። ጤና ጣቢያው ክትባቱ አልቋል አለን።

መልስ፦ እንዳትመለሱ። ደሴ ሂዱ፣ ዛሬውኑ። ስትሳፈሩ ንገሪኝ፣ እኔ መናኸሪያ እጠብቃችኋለሁ።

ከቢስቲማ፦ ተሳፍረናል ጋሼ። ልጁ እቅፌ ላይ ተኝቷል።