ወሬው ሲቆም ፍጥነቱ በዝቷል

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች ግማሽ ያህሉ ስለ ማራቶን ናቸው። ይገባኛል። የፀደዩ ውድድር እየቀረበ ነው፣ ብርዱ ገና አልለቀቀም፣ እግር በየተራ ያማል፣ አብረው የሚለማመዱትም እርስ በርስ መነታረክ ጀምረዋል። አምስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ እኔንም በደንብ ስላቃጠለኝ።

ጥያቄ፦ ሰላም ላንተ ይሁን። ስምንት ሆነን ነው የምንለማመደው። እኔ ማራቶን ሮጬ አላውቅም፣ ከመካከላችን ሁለቱ ግን ሦስት አራት ጊዜ ሮጠዋል። እሁድ እሁድ ረጅም ሩጫ አለን። ስንነሳ አብረን ነን፣ አምስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ግን እነሱ ይለቁታል፤ እኔ ላለመቅረት እየሞትኩ እከተላለሁ። ቤት ስገባ ደረጃ መውጣት ያቅተኛል። ሰኞና ማክሰኞ ለምንም አልረባም። ብቻዬን ልሩጥ ወይስ ጥርሴን ነክሼ ልቻለው? (ከኋላ የምትቀረው)

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱንም ተዪው። ቡድኑ ያስፈልግሻል። ጨለማና ዝናብ ባለበት ማለዳ ከአልጋ የሚያስነሳሽ መንገድ ዳር ቆሞ እጁን እያሻሸ የሚጠብቅሽ ሰው ነው፣ ይህን የሚተካ ነገር እስካሁን አላገኘሁም። ከቡድኑ ይህን ውሰጂ። ፍጥነታቸውን ግን ለነሱ ተዪላቸው። የሰው ወርቅ አያደምቅ።

እኔ ዋጋ ከፍዬ ነው የተማርኩት። የመጀመሪያ ማራቶኔን ስለማመድ ከፊቴ የሚሮጥ አንድ ቀጭን ሰውዬ ነበር። 12 ሳምንት ሙሉ ያየሁት የሱን ጀርባ ነው። ላቡ ከአንገቱ ተነስቶ ወደ ታች ሲወርድ ቲሸርቱ ላይ ካርታ የመሰለ ቅርጽ ይሠራ ነበር፣ ዛሬም ሳሉት ብትሉኝ እስለዋለሁ። አንድም እሁድ አልቀረሁለትም። ኮራሁ። የውድድሩ ቀን 28ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሁለቱም እግሬ ድንገት ከዳኝና የቀረውን 14 ኪሎ ሜትር እየተራመድኩ፣ እየቆምኩ፣ «አይዞህ!» እያሉ ከሚያጨበጭቡልኝ ሕፃናት ዓይኔን እየሸሸሁ ጨረስኩ። ሰውዬው ያኔ ቤቱ ገብቶ ሻወር ወስዷል።

ምን ሆኜ ነው? ጡንቻና ጉበታችን ውስጥ የሚከማቸው ስኳር፣ ግላይኮጅን የሚባለው፣ በግምት 2,000 ካሎሪ ቢሆን ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ማራቶን ለመጨረስ ወደ 2,500 ካሎሪ ያወጣል። ሒሳቡ አይሞላም። የጎደለውን የሚሞላው ስብ ነው፣ እንዲሁም መንገድ ላይ የምትወስጂው ነገር። ስብ ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚነደው። በፈጠንሽ ቁጥር ሰውነትሽ ስኳሩን ያስቀድማል፤ ዘና ብለሽ ስትሮጪ ግን ስቡን ማንደድ ይለምዳል። ብዙ ሰው 30ኛውና 35ኛው ኪሎ ሜትር መሃል ጉልበቱ ድንገት የሚከዳው ስኳሩ አልቆበት ነው። እኔ ደግሞ ከመጀመሪያው ስለፈጠንኩ ቀደም ብዬ ጨረስኩት። እሁድ እሁድ የተለማመድኩትም ይህንኑ ነበር፦ ስኳር መጨረስ።

ታዲያ ምን ያህል ቀስ ልበል ትዪኝ ይሆናል። በ4 ሰዓት ተኩል ለመጨረስ ካሰብሽ የውድድሩ ፍጥነትሽ በኪሎ ሜትር 6 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ነው። እሁድ ላይ አንዱን ኪሎ ሜትር በ7 ደቂቃ፣ ከፈለግሽም በ7 ደቂቃ ተኩል ብትሮጪው ምንም አይቀርብሽም። ሰዓት ካላሰርሽም ወሬ አለልሽ። «ትናንት ማታ ጎረቤቴ ቴሌቪዥኑን ከፍቶ ስላደረ እንቅልፍ የሚባል አላየሁም» ብለሽ ሳትቆራርጪ መጨረስ አለብሽ። መልስሽ ሁሉ «እህ» እና «አዎ» ብቻ ከሆነ፣ ወይም ስምንት ሰው አብሮ እየሮጠ የሚሰማው የጫማ ድምፅ ብቻ ከሆነ፣ ፍጥነቱ በዝቷል ማለት ነው። ለነሱም ጭምር። እነዚያ ሁለቱ ልምድ ያላቸው እራሳቸው እሁድን ውድድር እያደረጉት ይመስለኛል፣ ብቻ ይህን አንቺ አትንገሪያቸው፣ እዚህ ላይ ያንብቡት።

አሁን ዘዴውን ልንገርሽ። መነሻችሁ አንድ ይሁን፣ የምትሄዱትም በአንድ መንገድ። በኪሎ ሜትር ፋንታ ደቂቃ ቁጠሩ። 75 ደቂቃ ወደፊት ትሄዳላችሁ፣ ሁሉም በራሱ ፍጥነት። 75ኛው ደቂቃ ሲሞላ እያንዳንዱ ያለበት ቦታ ላይ ዞሮ ይመለሳል። ያኔ አንቺ ከፊት ነሽ፣ እነሱ ከኋላሽ እየመጡ ነው! ሁሉም የሄደበትን ፍጥነት ከጠበቀ መነሻው ላይ በአንድ ጊዜ ትገናኛላችሁ። ውበቱ ምን መሰለሽ፣ ሲሄድ ያበደ ሰው ሲመለስ ይጋለጣል። እኛ ጋ ሦስት እሁድ ነው የፈጀው፤ ሁለት ጉረኞች ተከታትለው ከሁሉም ኋላ እየተጎተቱ ሲደርሱ ጸጥታ ሰፈነ።

«ከፈጣን ጋር ካልሮጥሽ አትፈጥኚም» የሚልሽ አይጠፋም። ለዚያ ሳምንት ውስጥ አንድ አጭር የፍጥነት ቀን በቂ ነው። ኬንያዊውን የማራቶን ሯጭ ኤሊዩድ ኪፕቾጌን ይጠቅሱልሽ ይሆናል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2019 ቪየና ላይ የማራቶንን ርቀት በ1 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ሲሮጥ 41 አሯሯጮች እየተቀያየሩ ነፋስ ሲከልሉለት ነበር። እውነት ነው። ግን 41ዱም የሮጡት ለእሱ በተቀመጠው ፍጥነት ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ዕድሜዬ 58 ነው፤ የዘንድሮው አራተኛ ማራቶኔ ነው። ከባድ ጉንፋን ይዞኝ ሁለት ሳምንት ተኛሁ። አብረውኝ የሚለማመዱት 32 ኪሎ ሜትር ደርሰዋል፣ እኔ 24 ላይ ቀርቻለሁ። አምስት ሳምንት አለን። በሳምንት ሁለት ሁለት ረጅም ሩጫ ሮጬ ልድረስባቸው አስቤአለሁ። ምን ትመክረኛለህ?

መልስ፦ ጋሼ፣ እባክዎ አይድረሱባቸው። ያመለጠ ሳምንት አመለጠ፣ በሌላ ሳምንት ላይ ሲጭኑት የሚሰበረው እርስዎ ነዎት። በዚህ ሳምንት ከለመዱት ርቀት ግማሹን፣ ያውም ዱብ ዱብ እያሉ ብቻ። ከዚያ ጥሩ ከተሰማዎት አንድ 25፣ በሚቀጥለው እሁድ 28 ወይም 29፣ በቃ። እሱ ሲያልቅ ሁለት ሳምንት ያህል ይቀርዎታል። ከዚያ ወዲህ የሚሮጡት ረጅም ሩጫ ጥቅሙ ለውድድሩ አይደርስም፣ ድካሙ ግን በሰዓቱ ይደርሳል። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት መጠኑን ወደ ግማሽ እያወረዱ እግርዎን ያሳርፉ። ሦስት ማራቶን የሮጠ እግር 32 ስላልደረሰ መንገዱን አይረሳውም፤ የሚጨርሱበትን ሰዓት ግን ትንሽ ያላሉት።

አንድ ነገር ላይ ግን ቀልድ የለም። ትኩሳቱ ካልለቀቀ፣ ወይም ሲሮጡ ደረት መውጋት፣ የልብ መምታት መዛባት፣ ያልተለመደ ትንፋሽ ማጠር ካለ፣ ሩጫው ይቁምና ሐኪም ይይዎት። ጉንፋን መሰል ሕመም አልፎ አልፎ የልብን ጡንቻ ሊያስቆጣ ይችላል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ የግራ እግሬ አገዳ ላይ ያመኛል። መሮጥ ስጀምር ነው የሚብሰው። የቡድኑ ልጆች «ሲሞቅ ይለቅሃል፣ ሁላችንም ያመናል» ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ እንደ ሕመሙ ነው። ጫማህን አውልቅና በአንድ ጣትህ አገዳህን ከላይ እስከ ታች እየጫንክ ውረድ። ሕመሙ የእጅ መዳፍ በሚያክል ርዝመት ከተዘረጋና ስትሞቅ ከቀነሰ፣ ብዙ ጊዜ የጡንቻና የአጥንት ሽፋን መቆጣት ነው፤ ሩጫህን ቀንስ፣ ጫማህንም እይ፣ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ከሮጠ ጡረታ አውጣው። አንዲት ነጥብ ላይ ስትደርስ ግን «ዋ!» ካስባለህ፣ ሌሊትም ካመመህ፣ በአንድ እግር ስትዘል ከወጋህ፣ አጥንቱ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ አንድም እርምጃ አትሩጥ፣ ሐኪም ጋ ሂድ። የቡድኑ ልጆች ራጅ አይደሉም። ሐኪሙ ከፈቀደልህ ብስክሌት ወይም ዋና ትንፋሽህን ያቆይልሃል፤ እሁድም ውሃ ይዘህላቸው ብትከተል ማንም አያባርርህም።

ጥያቄ፦ ጄል፣ ያ እየሮጥን የምንውጠው ዝልግልግ ስኳር፣ ሆዴን ይረብሸኛል። ለውድድሩ ቀን ብቻ ባቆየውስ?

መልስ፦ አይሆንም። ሆድም እንደ እግር ይለማመዳል። እሁድ እሁድ ገና ሳይደክምህ፣ 40ኛው ደቂቃ አካባቢ ግማሹን ውሰድና በውሃ አወራርደው፤ ከዚያ በየሳምንቱ ትንሽ ጨምር። ብዙ ሰው በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ይበቃዋል። አንዱ ዓይነት ካልተስማማህ ሌላ ሞክር፣ ጓደኛህን ስለተስማማው አንተን ይስማማሃል ማለት አይደለም። ውሃውንም ሲጠማህ ጠጣ፤ ውሃ ባየህ ቁጥር መጋት የደምን ጨው አቅጥኖ ሰው ይጥላል።

ጥያቄ፦ እኔና የልብ ጓደኛዬ ልምምድ ከጀመርንበት ቀን አንስቶ «አብረን እንጨርሳለን» ተባብለናል። አሁን እኔ በጣም ተሻሽያለሁ፣ እሷ ሥራ በዝቶባት ብዙ ቀን ቀርታለች። እኔ 4 ሰዓት አካባቢ መግባት እችላለሁ፣ ከእሷ ጋር ከሆንኩ ግን 4 ሰዓት ከ40 ነው። ብተዋት ከዳተኛ አልሆንም?

መልስ፦ ከዳተኛ የምትሆኚው ምንም ሳትነግሪያት 10ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ብትሰወሪባት ነው። በመካከላችሁ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር አንድ ደቂቃ ያህል ልዩነት አለ፣ ያንቺ 5 ደቂቃ ከ41፣ የእሷ 6 ደቂቃ ከ38። «መሃል ላይ እንስማማ» ብትሉ አንቺ ሰዓትሽን ታጫለሽ፣ እሷ ደግሞ ግማሹ ላይ ትወድቃለች። ስለዚህ ወይ በእሷ ፍጥነት ሙሉውን፣ ወይ ከመነሻው ለየብቻ። ዛሬውኑ ደውይላት። ምናልባት እሷም «ይቺን ልጅ ልጎትታት ነው» እያለች ስትጨነቅ ከርማለች፤ እኔ ያየኋቸው ጥንዶች አብዛኞቹ ሲነጋገሩ ሁለቱም ነው እፎይ የሚሉት።

እ.ኤ.አ. በ2018ቱ የቦስተን ማራቶን ላይ ምን እንደሆነ ሰምተሽ ይሆናል። ቀኑ ብርድ፣ ነፋስና ዶፍ ነበር። ዴዚሬ ሊንደን እግሯ እምቢ ሲላት አብራት ለምትሮጠው ለሻሌን ፍላናጋን «ዛሬ ላቋርጥ እችላለሁ፣ የምረዳሽ ነገር ካለ ንገሪኝ» አለቻት። ፍላናጋን መጸዳጃ ቤት ስትገባ ሊንደን ዘግይታ ጠበቀቻትና ወደ መሪዎቹ መለሰቻት። መጨረሻ ላይ ውድድሩን ያሸነፈችው ሊንደን ሆነች፣ በ2 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ከ54 ሰከንድ፤ ከ1985 ወዲህ ቦስተንን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አሜሪካዊት ሴት ናት። ጓደኛ የጠበቀ ሁሉ ያሸንፋል እያልኩሽ አይደለም፣ እንደሱ ቢሆን እኔም ዋንጫ ይኖረኝ ነበር። እኔን የገረመኝ እየሮጡ መነጋገራቸው ነው።

ሌላም ነገር አለ፣ አየሩ። ከዚያ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ያው የቦስተን ውድድር ላይ ሙቀቱ 30 ዲግሪ አካባቢ ደርሶ አዘጋጆቹ ሯጮችን «ከፈለጋችሁ ለሚቀጥለው ዓመት አስተላልፉት» ብለው ነበር። የፀደይ ማራቶን አመሉ ይህ ነው፣ በብርድ ተለማምደሽ በሙቀት ልትሮጪ ትችያለሽ፣ ሰውነት ደግሞ ሙቀት ለመልመድ ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ የሳምንቱን ትንበያ እይ። ቀዝቃዛ ከሆነ የራስሽን ሩጪ። ሞቃት ከሆነ ግን 4 ሰዓት የሚባለውን እርሺውና በፍጥነቷ አብረሻት ሩጪ፣ ለብቻሽም ብትሆኚ ያን ቀን የሚሳካ ነገር አልነበረም።

ከተለያያችሁም መገናኛችሁን አስቀድማችሁ ወስኑ፣ መጨረሻው መስመር ላይ ሰው ስለሚበዛ ልብስ ማስቀመጫው ጋ ይሁን። ቀድመሽ ከደረስሽ የእሷንም ጃኬት ከሻንጣው አውጥተሽ ያዢላት፤ የጨረሰ ሰው ላቡ እንደቀዘቀዘ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ በዚያ ጣት ደግሞ ዚፕ አይከፈትም።